የዘሃራ ጭቁኝ

የዘሃራን ሞት የሰማሁት አፌን ከፍቼ ነው። ለአባባል አይደለም፤ በእውነት አፌን ከፍቼ። ቆቦ ውስጥ አንድ ጥርስ ነቃይ ዘንድ ተቀምጬ፣ ከቀሩኝ ጥቂት ጥርሶች አንዷን ልሰናበት ስዘጋጅ፣ ጉንጬ ደንዝዞ፣ ጉጠቱ ምላሴ ላይ አርፎ ሳለ፣ ነርሷ ለጓደኛዋ «ዛሬ ከዙህር በኋላ ቀብር አለ አሉ፤ ያቺ የትምህርት ቤቷ እትዬ ዘሃራ» አለቻት። «የትኛዋ ዘሃራ?» ለማለት ሞከርኩ። የወጣልኝ ግን «ዋ... ዋ... ዋ» ብቻ ነበር። ሐኪሙ «አይዞዎት አባባ፣ ገና አልነካሁዎትም» አለኝ።

ጥርሴ እንደወጣ ጥጤን ነክሼ፣ አንድ ጉንጬ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ቀብር ሄድኩ። ያየኝ ሁሉ ወደ ጎን ዞሮ «ወይ መምህር ተሾመ! እንዴት ቢያለቅስ ነው እንዲህ ያበጠው?» ይላል። አላስተባበልኩም። ያላለቀስኩትን ለቅሶ ሰዎች በነፃ ሲሰጡኝ ለምን እመልሳለሁ? እንባው የመጣው ማምሻውን፣ ማደንዘዣው ሲለቀኝ ነው። የጥርሴ ይሁን የዘሃራ እስካሁን አልለየሁትም።

ለማያውቋት ልንገራችሁ። ዘሃራ የትምህርት ቤታችን የቤተ ሙከራ ረዳት ነበረች። እኔ ደግሞ የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ፤ ቢያንስ ደሞዝ ስፈርም በዚያ ስም ነበር። እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብልቃጥ እስላለሁ፣ እሷ ብልቃጡን ታጥባለች። ሠላሳ ዓመት ያህል ውሃ ሲፈላ እንደሚተን፣ ተኑ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ውሃ እንደሚሆን አስተማርኩ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ግን አንዲት ጠብታ ነገር በእጄ አንጥሬ አላውቅም። ፈተና ላይ ግን አስወድቅበት ነበር።

እሷ አንድ ብርጭቆ አጥባ ስትጨርስ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሳና አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች። ጎኑ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሎ ከቀረ መልሳ ታጥበዋለች። «ብርጭቆ አይዋሽም፤ የሚዋሸው አጣቢው ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ ያልገባኝን ነገር ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ሸፋፍኜ ሳልፍ ከኋላ ሆና ትሰማኝና፣ ተማሪው ሲወጣ ጠብቃ፣ «መምህር፣ እሱን ለጥቁር ሰሌዳው ይንገሩት» ትለኛለች። ጡረታ የወጣሁ ቀን «እርስዎ»ን ተወችው። «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ፤ ያስከብርህ የነበረው ጠመኔው ነው» አለችኝ። ሌላው ሁሉ ካባ ሲደርብልኝ እሷ ገፈፈችኝ፤ እውነቱን ለመናገር የሷ ቀለል አለኝ።

ባሏ በጠዋቱ ሞቶባት አንድ ልጇን ሰዓዳን ብቻዋን አሳደገች። ሰዓዳ ስፌት ተምራ በራቸው ላይ የስፌት መኪና ተክላ ነበር። የቆቦ ሙሽራ ቀሚስ ብዙው ከሰዓዳ ጣቶች ነው የወጣ። ጨርቅ ላይ ሲሮጡ ስታይ ጣት ሳይሆኑ ጥሬ የሚለቅሙ ወፎች ይመስሉሃል። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆናት ግን አበጡ። ጠዋት ስትነሳ እጇን መጨበጥ አቃታት። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ አንዱ ቁርጥማት ነው አለ፣ አንዱ የሙሽራ ዓይን ነው አለ። ዘሃራ ደሴ ወስዳ አስመረመረቻት። የመገጣጠሚያ ብግነት ነው ተባለ፤ ሰውነቷ የገዛ መገጣጠሚያዋን ባዕድ ነው ብሎ ይዋጋዋል። በሳምንት አንድ ቀን የምትዋጥ ትንሽ ቢጫ ክኒን ሰጧት። ሐኪሙ አስጠንቅቋል፦ ካቋረጠች አጥንቱ እየተበላ ጣቶቿ ይጣመማሉ፤ ከተጣመሙ አይመለሱም።

ዘሃራ ከደሴ በተመለሰች ማግስት ቤቴ መጣች።

«መምህር፣ ብግነት ማለት ምን ማለት ነው?»

እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ያ ቦታ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል፤ ምክንያቱም ደም ወደዚያ...

«ተወው፣ ገባኝ» አለችኝ። «ያው መብገን ነው። የልጄ እጅ በግኗል። የእኔም ሆድ በግኗል። ልዩነቱ ለሷ ክኒን አለ።»

ከዚያ ክኒኑም ጠፋ። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጥቶ መንገዱ ተዘጋ፤ መብራትም ስልክም ሄደ። መንገዱ ሲከፈት መድኃኒቱ የለም፤ መድኃኒቱ መጣ ሲባል መንገዱ ተዘግቷል። ዘሃራ የቀሩትን ክኒኖች በምላጭ ለሁለት መክፈል ጀመረች። ቀጥሎ ለአራት ከፈለቻቸው። ቀጥሎ ምላጩ ብቻ ቀረ።

አንድ ጠዋት እቅፍ ሙሉ ጭቁኝ ይዛ መጣች። ያን አመድማ ቅጠል ያለውን፣ ገና ከሩቅ አፍንጫ የሚቆነጥጠውን የዞብል ተራራ ጭቁኝ። ጉልበቴ ላይ ጣለችው።

«እናቴ ጉልበቷ ሲያብጥ በዚህ ነበር የምትታሸው። ውስጡ ምን አለ?»

«ተናኝ ዘይት አለው» አልኳት። «ሽታው እሱ ነው። ቅጠሉን ከውሃ ጋር ስታፈዪው እንፋሎቱ ዘይቱን ይዞት ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል።»

«ታዲያ አውጣልኛ!»

«በምን ዕቃ? ቤተ ሙከራው እንደሆነ ባዶውን ቀርቷል፤ አንዲት ብልቃጥ እንኳ የለችም።»

«ዕቃው ምን ይመስላል?»

በከዘራዬ አፈሩ ላይ ሣልኩላት። ከታች እሳት፣ ከላዩ ማፍያ፣ ከማፍያው የሚወጣ ቧንቧ፣ ቧንቧው የሚገባበት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተነከረ ማጠራቀሚያ። ሠላሳ ዓመት የሣልኩት ሥዕል ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እስለዋለሁ። ዘሃራ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችው።

«መምህር» አለችኝ፣ «ይኼ እኮ የብርቄ ዕቃ ነው።»

ብርቄ ጎረቤቴ ናት፤ አረቄ አውጥታ የምትሸጥ። እኔም ደንበኛዋ ነኝ፣ በልክ። ልኩን ግን ብርቄን አትጠይቋት። የጥቁር ሰሌዳዬ ሥዕል ጓሮዋ ውስጥ በቁሙ እየጨሰ ኖሮ፣ ስንት ዓመት መለኪያ ይዤ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ኖሬ፣ አንድም ቀን አላወቅሁትም። አረቄ ቀምሳ የማታውቅ ሙስሊም ሴት ከአፈር ላይ አይታ አወቀችው።

አብረን ሄድን። ዘሃራ ደጃፍ ላይ ቆመች፤ አልገባችም።

«ብርቄ፣ ዕቃሽን አውሺኝ።»

«የቱን ዕቃ የኔ እህት?»

«ማውጫውን።»

ብርቄ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አያ ተሾመ፣ ምን አጠጣሃት?»

ነገሩን ነገርናት። ብርቄ የሰዓዳን ስም ስትሰማ ሳቋን ዋጠች፤ ሸምበቆ ቧንቧውንና የመዳብ ማሰሮዋን አወጣች። ዘሃራ እዚያው ደጁ ላይ ካለው የውሃ ጉድጓድ ጋ ተቀምጣ ማጠብ ያዘች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ... ብርቄ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆጠረች፤ አምስተኛው ላይ ግን አላስቻላትም።

«ምነው ዘሃራ! ዕቃዬን ውሻ ልሶታል እንዴ?»

«ውሻማ ቢልሰው በእኛ ሕግ ሰባት ነበር» አለች ዘሃራ ቀና ሳትል። «ያንቺን ስምንት አጥበዋለሁ።»

ብርቄ እየሳቀች ውሃ ቀዳችላት።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ዘሃራ ማሰሮውን ጓሮዋ ውስጥ ጥዳ፣ አንድ ማዳበሪያ ቅጠል ጎስጉሳ፣ ውሃ ጨምራ፣ የማፍያውን አፍ በሊጥ መርጋ እሳት ለኮሰች። እኔ ከአጠገቧ ተቀምጬ አስተምራታለሁ፤ እሷ አትሰማኝም። ሲንጠባጠብ ውሃው እንደ አጓት ደፈረሰ፤ ከላዩ ላይ ደግሞ እንደ መረቅ ቅባት ቢጫ ነገር ሰፈፈ። ያ ሁሉ ቅጠል የሰጠው ዘይት ሰዓዳ መርፌ እንዳይወጋት ጣቷ ላይ የምታጠልቃትን ቆርቆሮ እንኳ በቅጡ አልሞላም። እኔ፣ የኬሚስትሪ ምሁሩ፣ ልሞክረው ብዬ አንዲት ጠብታ ምላሴ ላይ ጣልኩ። አፌ መጀመሪያ ነደደ፣ ቀጥሎ በረደ፣ ቀጥሎ የት እንዳለ ጠፋኝ። እስከ ማታ ስሜን መጥራት አቅቶኝ ዋልኩ። ዘሃራ «እንግዲህ የማይጠጣ መሆኑን አወቅን፤ ለካ አንተም ለሙከራ ትሆናለህ» አለችኝ።

ጭሱን ያየ ጎረቤት ግን ዝም አላለም። «እትዬ ዘሃራ አረቄ ጀመሩ» ተባለ። ቧንቧውን ያየ አለ፣ ማሰሮውን ያየ አለ፣ ይባስ ብሎ እኔን እዚያ ተቀምጬ ያየ አለ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ሦስት ሽማግሌዎች ከመስጊድ መጡ። ዘሃራ ምንም አልተከራከረችም። የዘይቷን ጠርሙስ አምጥታ ለትልቁ ሽማግሌ፣ ለሼሁ፣ አፍንጫ አቀረበችው። ሰውዬው አሸተቱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ካፉር» አሉ። «ካፉር ካፉር ይላል።»

ካፉር እስላም ሬሳ ሲያጥብ በመጨረሻው ውሃ ላይ የሚያደርገው ነው። ዘሃራ ደግሞ ሴት ስትሞት ተጠርታ የምታጥብ ናት፤ ሽታውን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ለካ ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሮ አውቃዋለች፤ ለእኔ አልነገረችኝም። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ወጡ። ከመጋረጃው ኋላ የሰዓዳ ድምፅ መጣ፦ «እማ፣ በቁሜ ልትገንዢኝ ነው እንዴ?»

«ዝም በይ! አምጪ እጅሽን» አለች ዘሃራ፤ ጠብታውን በሰሊጥ ዘይት አቅጥና ቀባቻት።

ሰዓዳ መጀመሪያ ያለችው «ቀዘቀዘኝ» ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጣቶቿን ቀስ አድርጋ ሰበሰበቻቸው። ቡጢ አልሆኑም፤ ግማሽ ቡጢ ሆኑ። ዘሃራ ያን ግማሽ ቡጢ በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯ ላይ አስደገፈችው።

አንድ ሰሞን መንገዱ ጥቂት ተከፈተ። በመንገደኛ እጅ ትንሽ ዘይት ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምር የድሮ ተማሪዬ ላክሁለት፤ ዘይቱ ከምን ከምን እንደተሠራ የሚለይ መሣሪያ አላቸው። ተማሪዬ ጎበዝ ነው፤ ያስተማርኩት እኔ ብቻ ስላልሆንኩ ነው። ወረቀቱ ሲመጣ ለዘሃራ ዘረጋሁላት። ከዳር እስከ ዳር ሹል ሹል መስመር ነው፤ አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር።

«ይኼማ ዞብል ነው» አለች። እውነትም ከቆቦ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው ያን ተራራ እንደዚያ ነው የሚያየው።

«እያንዳንዱ ጫፍ አንድ ንጥረ ነገር ነው» አልኳት። «ይኸኛው ሲኒዮል ነው፤ ባሕር ዛፍም ውስጥ አለ። ይኼ ከሁሉ የረዘመው ደግሞ... ካምፎር።»

«ካምፎር ምንድነው?»

መልሱን ለመዋጥ ሞከርኩ፣ አልተዋጠልኝም። «ካፉር ነው» አልኳት።

ዞር ብላ ሳቀች። «የሼሁ አፍንጫ ይኼን ሁሉ ወር አልፈጀችም» አለች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ሌላ ምን ይላል?»

ተማሪዬ ከወረቀቱ ጋር ደብዳቤ ልኮ ነበር። ይህን መሰል ዘይት ብግነት መቀነስ አለመቀነሱን የሚሞክሩት በአይጥ ነው፤ የአይጧን መዳፍ በመርፌ ያሳብጡና ዘይቱን ሰጥተው እብጠቱን ይለካሉ። እብጠቱ ይቀንሳል፣ ይላል ደብዳቤው። ደስ ብሎኝ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«አይጧ ለስንት ጊዜ ተሻላት?»

«ጥቂት ሰዓት ነው የሚለኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ሙከራው ያልቃል።»

«አይጧስ?»

ደብዳቤውን አጠፍኩት። አይጧ ከሙከራው በኋላ ምን እንደምትሆን የኬሚስትሪ መምህር ያውቃል።

«የእኔ ልጅ የጥቂት ሰዓት አይጥ አይደለችም» አለች፤ ተቆጥታ አይደለም፣ ለራሷ እንደምትነግር ሰው ነው። በመርፌ የመጣ እብጠትና ሰውነት በራሱ ላይ ተነሥቶ ያመጣው እብጠት አንድ አይደሉም፤ ያኛው ይበርዳል፣ ይኼኛው ነገም ይነሣል። ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «ገባኝ። ክኒኑን አይተካም። ግን ጥቂት ሰዓት ካስታገሠ፣ በየጥቂት ሰዓቱ መቀባት ነዋ! በየሶላቱ እቀባታለሁ።»

እንዳለችው አደረገች። ሱብሒ፣ ዙህር፣ ዐስር፣ መግሪብ፣ ዒሻ። ሰግዳ ትነሣለች፣ ምንጣፏን ሳታጥፍ የልጇን እጅ ትይዛለች። እኔ በቀን ሦስት ጊዜ መብላት እንኳ አንዳንዴ ይሰለቸኛል። እሷ በቀን አምስት ጊዜ፣ ወር አልፎ ወር ሲተካ፣ አንድም ሶላት አላሳለፈችም።

ጭቁኙን ከዞብል የሚወርዱ ሴቶች በገበያ ቀን ያመጡላት ነበር። ገበያው ሲቀር ራሷ መውጣት ጀመረች፤ ስልሳ የሞላት፣ የደም ግፊት ያለባት፣ እግሯ የሚያብጥ ሴት። ቅጠሉን ፀሐይ ሳይበረታ ነው የምትቆርጠው። «እናቴ እንዲያ ነበር የምትለው» ትላለች፤ እኔም መጽሐፌን ሳገላብጥ ፀሐይ ሲበረታ ዘይቱ ከቅጠሉ ይተናል የሚል አገኘሁ። አምስት ዓመት የተማርኩትን እናቷ ሳትማር ታውቀው ኖሯል። መንገዱ ያስፈራል፤ ማን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። «ተይ ዘሃራ» እላታለሁ። «እሱን ለጥቁር ሰሌዳው ንገረው» ትለኛለች።

እዚህ ላይ ነው እኔ ጥፋቴን ያጠፋሁት። ሠላሳ ዓመት ምንም ሙከራ ሳልሠራ ኖሬ፣ በስተርጅና ተመራማሪ መሆን አማረኝ። አንድ ቀን እንዲህ አልኳት፦

«ዘሃራ፣ የሚያሽላት ዘይቱ ይሁን መታሸቱ እንዴት እናውቃለን? ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። አንዱን እጇን በጭቁኙ ቅቢ፤ ሌላውን በባዶ ሰሊጥ። ከዚያ የትኛው እንደተሻላት ጠይቂያት። ከንቱ ከሆነ ቢያንስ ዞብል መውጣቱ ይቀርልሻል።»

አየችኝ። ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት ለጠላቴ አልመኝም።

«የትኛዋን እጅ ልተውልህ?» አለችኝ።

ቤቴ ገብቼ የብርቄን ደጃፍ እንኳ ሳልረግጥ ዋልኩ፤ ይህ ለእኔ ሐዘን ነው።

ሁለት ወር ያህል ቆይታ መጣች። ደጄ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ የነጠላዋን ጫፍ ታጥፋለች ትዘረጋለች።

«ሠራሁት» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ያንተን ነገር። የግራዋን። ቀኙ የምትሠራበት ነው ብዬ ግራውን ተውኩት። ወር ሙሉ ግራውን በባዶ ሰሊጥ ቀባሁ። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ቀኙን፣ እጄ እንዳይነካካ። ቤቱ ሁሉ ጭቁኝ ስለሚሸት በማሽተት አትለየውም። ከዚያ ጠየቅኋት።»

«ምን አለችሽ?»

«እኩል ነው አለች። ሁለቱም እኩል ተሽሎኛል አለች።»

አንዲት ባጃጅ አቧራዋን እያስነሳች አለፈች። ለዘይቱ አዘንኩ፤ ግን ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ከዞብል ትድናለች ብዬ ቅልል አለኝ።

«እንግዲህ መውጣቱን ትተይዋለሽ» አልኳት።

«እንዳትነግራት» አለችኝ። «ዘይቱ ከንቱ መሆኑን ካወቀች ተስፋ ትቆርጣለች። ሁለቱንም መልሼ በጭቁኙ እየቀባሁ ነው።»

«ታዲያ ከንቱ ከሆነ ለምን ትወጫለሽ?»

«እና ምን ልሁን መምህር? እጇ ሲጣመም እያየሁ ልቀመጥ?»

በቁርኣኗ አስማለችኝ፤ እኔም በመስቀሌ ማልኩላት። እሷም ወጣች፤ ያን ሳምንትም፣ የሚቀጥለውንም። ጥቅም የለውም ብላ ያመነችውን ቅጠል ለመቁረጥ ያን ተራራ የወጣችውን ሴት ነው እኔ የማልረሳው። በሚያድን ነገር አምኖ መልፋትን ብዙ ሰው ይችለዋል።

መንገዱ በመጨረሻ ሲከፈት ሦስታችንም ደሴ ሄድን። ክኒኑ ተገኘ። ሐኪሙ የሰዓዳን እጅ በራጅ አስነሥቶ አየና፣ በትሕትና፣ የተበላው አጥንት እንደማይመለስ፣ የተጣመሙት ጣቶች እንደማይቃኑ፣ ክኒኑ ከእንግዲህ የቀረውን ለማትረፍ እንደሆነ ነገረን። ሕመሙም እየመጣ እየሄደ እንደሚኖር ነገረን። ሚኒባስ ውስጥ ዘሃራ ፊልሙን ከፖስታው አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና የልጇን አጥንት አየች። ወልድያን አለፍን፣ ጎብዬን አለፍን፣ አላወረደችውም። ሰዓዳ «እማ፣ እጅሽ ይደክማል» ስትላት ነው ወደ ፖስታው የመለሰችው።

ከዚያ በኋላም ክኒኑ አንድ ወር ይገኛል፣ ሁለት ወር ይጠፋል። ዘሃራም አልተወችም። ግፊቷ የጣላት ከዞብል በወረደች በሦስተኛው ቀን ነው።

ከቀብሩ ሳምንት ቆይቼ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ፤ ጉንጬ ወደ ቦታው ተመልሷል። ለቀስተኛው ወጥቶ ሰዓዳ ብቻዋን ነበረች። የስፌት መኪናዋ በጨርቅ ተሸፍኗል። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፤ ጣቶቿ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ፣ ነፋስ እንደመታው ማሽላ።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «እማ ስለ ግራ እጄ ነግራዎት ነበር?»

«ስለ ምን ግራ?» አልኩ።

«ነግራዎታለች። ጋሼ እርስዎ መዋሸት አይሆንልዎትም፤ ጆሮዎ ይቀላል።»

ጆሮዬን በእጄ ሸፈንኩት። መሐላዬን መጠበቄ ነበር፤ የሸፈንኩት ግን ጆሮዬን ነው።

«አውቄ ነበር» አለች። «ከመጀመሪያው ቀን። ጭቁኙ ያለበት ይቀዘቅዛል እኮ። ቀኜ ይቀዘቅዛል፣ ግራዬ ምንም አይለውም። ያን ወር ግራ እጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲነድ ያድር ነበር። ቀኜ ግን እፎይ ይላል።»

«ታዲያ... ታዲያ ለምን እኩል ነው አልሻት?»

«ዞብል እንዳትወጣ ነዋ! እግሯ አብጦ ጫማ አይገባላትም ነበር። ትንፋሿ ሲቆራረጥ እሰማለሁ። ዘይቱ ለውጥ የለውም ካልኳት ትተወዋለች ብዬ ነው። ያን ወር ነክሼ ቻልኩት። ማግስቱን ሱብሒ እንደሰገደች ተነሥታ ወጣች።»

በሕይወቴ ካስተማርኩት ሁሉ ሰው በእጁ የሠራው ሙከራ ያ አንድ ብቻ ነበር፤ ውጤቱም ይኸው፣ ዘይቱ ይሠራ ነበር። ዘሃራ ትክክል ነበረች። ይህንን ግን ከልጇ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ልጇም አልነገረቻትም። የፈተናው ሐሳብ የእኔ ነው፣ ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

«አንድ ቀን እነግራታለሁ እል ነበር» አለች ሰዓዳ። «ክኒኑ ሳይቋረጥ መገኘት ሲጀምር፣ መውጣቱ ሲቀርላት፣ እማ ዘይትሽ ይሠራ ነበር እላታለሁ እያልኩ...»

አልጨረሰችውም። የዙህር አዛን አለ። ሁለታችንም ሳናስበው ምንጣፉ ወደነበረበት ጥግ አየን። ሰዓዳ በክርኗ ከመደርደሪያው ላይ ትንሿን ጠርሙስ ስባ ወደ እኔ ገፋቻት።

«ክዳኑን መክፈት አልችልም» አለች።

«ልጄ፣ እኔ ባዕድ ወንድ ነኝ፣ ነውር አይሆንም?»

«አባቴን አላስታውሰውም ጋሼ። ይክፈቱት።»

ከፈትኩት። ያ ሽታ ወጣ። ግራዋን ያዝኩ፣ እንደ ፍም ይሞቃል። ቀባሁት። «ጫን ይበሉ፣ እማ ጫን ታደርግ ነበር» አለችኝ፤ ጫን አልኩ። ቀኙንም ቀባሁ። ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ጨፈነች፣ ትከሻዋ ወረደ።

ጠርሙሷን ገልብጬ መዳፌ ላይ አራገፍኳት። ለዐስር ሶላት የሚሆን አልቀረም።